ያልተላጠው ገመድ

እጄ አውቆ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባለሱቁ ገመዱን ከመደርደሪያ አውርዶ ሲያቀብለኝ እጄ ላይ ቀለለኝ። ሲያዩት አውራ ጣት የሚያህል፣ ቀይና ጥቁር፣ ሦስት ሦስት ሜትር፣ ሽክ ብሎ በላስቲክ የታሸገ ነው፤ ሲይዙት ግን ከልብስ ማስጫ ገመድ አይከብድም። መዳብ ይከብዳል። ይህን የማላውቅ ሴት ብሆን ኖሮ ራሴን ይቅር እል ነበር። እኔ ግን ጎንደር ውስጥ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ገና በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ይዤ የምጮኸው፣ "ላስቲኩን አትዩ፣ ውስጡን እዩ!" እያልኩ ነው። ስንት ዓመት ጮህኩ! ለራሴ ሲሆን ዝም አልኩ።

ነገሩ ጃምፐር ነው። ባትሪ የደከመበት መኪና ከደህና መኪና ባትሪ ኃይል የሚበደርበት ሁለት ገመድ፣ አራት መቆንጠጫ፤ ሌላ ምንም የለውም። ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ለዚያች ለሁለት ሦስት ሰከንድ የሚስበው ከረንት አንድ ሙሉ ቤት ከሚስበው ይበልጣል። ያን ሁሉ የሚያሳልፍ መዳብ ከሌለ ገመዱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ መኪናው እንደቆመ ይቀራል። አታላዮቹ ታዲያ ላስቲኩን ያወፍሩታል፤ ውስጡ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ክር ይጨምሩበታል። መቆንጠጫውንም ከቆርቆሮ ሠርተው መዳብ ይቀቡታል። ገዢው ውፍረቱን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ ይከፍላል፣ ተመራርቆ ይወጣል።

መኪናችን አሮጌ፣ ትንሽ፣ አውቶማቲክ ናት። አውቶማቲክ መሆኗን ልብ ይሏል፤ እንደ ሌላው መኪና ገፍተው ወይም ቁልቁለት ለቀው አያስነሷትም። ያን ዓመት ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ስናዞር ማቃሰት ጀመረች። የአዲስ ባትሪ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ባሌና እኔ ክረምቱን በጃምፐር እንሻገርና ለመስከረም እንገዛለን ብለን ተስማማን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ደህና ጃምፐር ቢሆን ኖሮ።

ባለሱቁ የማኅበራችን ሰው ነው። በየወሩ በማርያም ከአንድ ጽዋ እንቀምሳለን፤ ተራው ሲደርሰው ቤቱ ገብተን በልተን ጠጥተናል፤ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ቆመናል። መለዋወጫ የሚሸጥ ሌላ ሱቅ ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። ግን እሱን አልፎ ሌላ ጋ መሄድማ እንዴት ይሆናል! ገመዱ እጄ ላይ ሲቀለኝ፣ "ቢላ ይኖርሃል?" አልኩት።

"ምነው? ለምን ፈለግሽው?"

"ጫፉን ላጥ አድርጌ ልየው ብዬ ነው።"

ሳቀ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣ "እህቴ፣ ለማኅበሬ ሰው መናኛ ነገር የምሰጥ ይመስልሻል?" አለ። ባሌ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ቸግሮትም ሰው ማስቀየም አይወድም። ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣ "ኧረ ተይ፣ ነውር ነው፤ ሰውየውን እኮ ሌባ ልታደርጊው ነው" አለኝ። እኔም ፊቴ ጋለ። ገመዱን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ወይ ነዶ!

አባቴ ቢሆን ይልጠው ነበር። አባቴ ከዳባት ወዲያ ገበሬ ነው፤ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከአጎቴ፣ ማለት ከእናቴ ወንድም፣ በሬ ሲገዛ አይቻለሁ። የበሬውን አፍ በሁለት እጁ ፈልቅቆ ጥርሱን ቆጠረ፣ ሰኮናውን አነሳ፣ ጀርባው ላይ ቀንበር የሚያርፍበትን ቦታ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ አስነድቶ አስመለሰው። አጎቴ ከፋው። "ምነው አያ፣ እኔን አታምነኝም?" አለ። አባቴ ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። "አንተን መች አየሁ፣ በሬውን ነው የማየው" አለው። ከዚያ ተስማሙ፣ ቤት ገብተው ጠላ ጠጡ፣ አጎቴ አምሽቶ እየዘፈነ ሄደ። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ አንድም ወዳጅ አላጣም። እኔ የሱ ልጅ፣ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት፣ አንድ ገመድ መላጥ አቃተኝ።

ሐምሌ ውስጥ አባቴ ሞተ። ታሞ ነበር፣ ግን እንዲህ ይቸኩላል ብለን አላሰብንም። ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት የደወለው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለባሌ ነው። ባሌ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ገባኝ። ጮህኩ። ጎረቤት ገባ። እንደ ወጉ ትንሽ ተቀምጠን እንድናለቅስ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን አገራችንን አውቃለሁ፤ እዚያ የሞተ ሰው አያድርም፣ በዚያው ዕለት ይቀበራል። "ቀብር ልደርስ ነው፣ ልቀቁኝ!" አልኩ። ወንድሜ ካህናቱን ለምኖ፣ እስከ ሰባት ሰዓት እንጠብቃችኋለን ብሎናል። ከጎንደር ዳባት ሩቅ አይደለም። የአባቴ ቤት ደግሞ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ጊዜ ነበረን። ሞልቶን ነበር።

የአባቴ እህት ኮሶዬ ነው ያገባችው። ወንድሟ ሞቶ እሷን መንገድ ላይ ጥሎ ማለፍ አይታሰብም፤ ቤቷ ከአስፋልቱ ወደታች ወረድ ያለ ስለሆነ ሰው ልከንባት አፋፉ ላይ ካለችው ሻይ ቤት ፊት ለፊት ቆመን ጠበቅናት። ጉሙ እጅ ያስጠፋል። ባሌ ሌላ መኪና እንዳይገጨን ብሎ የፊት መብራቱንና ፍሬቻውን አበራ፤ ቤንዚን እንዳናባክን ብሎ ሞተሩን አጠፋ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን ዘቅዝቄ አለቅስ ነበር። መብራት በርቶ ሞተር ሲጠፋ ለደከመ ባትሪ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? አላየሁም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አላየሁም።

አክስቴ ጋቢዋ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ደረቷን እየደቃች መጣች። አቅፈን አስገባናት። ባሌ ቁልፉን አዞረ። ቸክ አለች። ደግሞ አዞረ። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አይዞሽ፣ ጃምፐር አለን!"

በዚያ ሰሞን መንገዱ ላይ መኪና እንደ ድሮው አይመላለስም ነበር። ቢሆንም ብዙ ሳንቆይ ከደባርቅ በኩል ወደ ጎንደር የሚወርድ ሚኒባስ መጣ። ሹፌሩ ነጠላዬን አይቶ ለቅሶ መሆኑን ስላወቀ ሳንለምነው ቆመ። በዚህ አገራችን አይታማም፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ጥሎት የሚያልፍ የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፣ አንድ ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሚኒባሱን አፍንጫ ለአፍንጫ አስጠጋ፣ ባሌ እስከዚያ ቀን ያልከፈትነውን ገመድ ከነማሸጊያው አወጣ። ሰዉ ሁሉ፣ "ኧረ ይሄ ሸጋ ነው! ወፍራም ነው!" አለ። ሰካነው። ቸክ።

ትንሽ ይሙላ ተባለ። ሚኒባሱ ሞተሩን እያጓራ አሥር ደቂቃ ቆየን። ገመዱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ትኩስ ሻይ እንዳለበት ብርጭቆ ይፋጃል። እዚያው ላይ ሁሉም ገባኝ። "ገመዱ ነው" አልኩ። ሹፌሩ ወደ ባሌ ዞሮ፣ "ሞተሪኖዋ ሳትቃጠል አትቀርም" አለው። "ሞተሪኖ አይደለም፣ ገመዱ ነው፣ ከረንት አያሳልፍም!" አልኩ። አንዱ ተሳፋሪ፣ "ቤንዚን አይገፋላት ይሆናል" አለ፤ ለባሌ። ባሌ ስለ መኪና የሚያውቀው ቢኖር ቁልፍ ማዞርና ማጠብ ነው። እሱን ያማክራሉ! እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ሥራዬ ይሄ ሆኖ፣ ስለ ሞተሪኖ ባሌን ይጠይቃሉ! ሐዘንተኛ ናት፣ ታልቅስ፣ ተዋት ነው ነገሩ። ከመካከላቸው አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ "እንግፋታ!" አለ።

"አውቶማቲክ ናት! ተገፍታ አትነሳም!"

ማን ሰምቶ! ስምንት ወንድ ተደርድሮ በጭቃ ውስጥ ገፋት። "ሃይ! ሃይ!" እያሉ እስከ ቦዩ ድረስ ወሰዷት፣ የፊት ጎማዋ ሊገባ ሲል ያዟት፣ ደግሞ መልሰው ገፏት። ደጎች ናቸው፤ ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው አንጀቴን አሳረረው። ሹፌሩን የራሱ ጃምፐር እንዳለው ስጠይቀው፣ "ነበረኝ፣ ደህና ነበር፣ ለአንዱ አውሼው ሳይመልስልኝ ቀረ" አለ። ከዚያ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ብለውን ተሳፍረው ሄዱ። ሰዓቴን ሳይ አራት ተኩል ሆኗል።

ወንድሜ ደወለ። "የት ደረሳችሁ?"

"ኮሶዬ።"

"ሸጋ፣ ቅርብ ናችሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። አንድ ሞተር ሳይክል አለፈ። ሁለት ሰዎች አህያ እየነዱ አለፉ። ሻይ ቤቷ ያለችው ሴትዮ አክስቴን ወደ ውስጥ አስገብታ እሳት ዳር አስቀመጠቻት። አክስቴ በየጥቂቱ ብቅ እያለች፣ "ምነው ልጄ፣ ወንድሜን ሳላየው አፈር ሊያለብሱት ነው?" ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ደወለ። "የት ደረሳችሁ?"

"ኮሶዬ።"

"አሁንም ኮሶዬ?"

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ደባርቅ የሚወጣ የጭነት መኪና መጣ። ቆመ። ሹፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ከኋላው ሲሚንቶ ጭኗል፤ ከፊት ለሦስት ሰው ቦታ ነበረው። ለሦስት ሰው! እኛም ሦስት ነን። በዚያች ደቂቃ መኪናዋን ለሻይ ቤቷ ሴትዮ አደራ ብለን ብንሳፈር ኖሮ እንደርስ ነበር። ግን ሹፌሩ፣ "ኧረ አንዴ እንሞክራት፣ መኪናችሁን ጥላችሁ የት ትሄዳላችሁ" አለ። ባሌም፣ "አዎ፣ አንዴ" አለ። እኔም ዝም አልኩ። አይ፣ ዝም አላልኩም፣ ልዋሽ አይገባኝም። "እሺ፣ እኔ ልስካው" አልኩ። ገመዱ የማይረባ መሆኑን አውቄ፣ በእጄ ዳስሼ፣ ሹፌሩ በደግነት ቆሞልን እንዴት እምቢ ይባላል ብዬ፣ እሺ አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ትልቅ መኪና ሁለት ባትሪ አለው፣ ኃይሉ የኛን እጥፍ ነው፤ እንዳለ ብንሰካው የመኪናችንን ኤሌክትሪክ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ለይቼ ሰካሁ። ሹፌሩ፣ "እሜቴ፣ ሙያ አለሽ!" አለኝ። ያን ቀን ያዳመጠኝ ብቸኛው ወንድ እሱ ነው። ግማሽ ሰዓት ታገልን። የመቆንጠጫውን ጥርስ በሚስማር ፋቅሁ፣ የባትሪውን ጫፍ በጨርቅ ጠረግሁ። ባሌ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖዋ አንዴ "እህህ" አለች። ሁላችንም፣ "በርቺ!" አልናት። ከዚያ ጭስ ወጣ። ቀዩ ገመድ መሐሉ ላይ አብጦ ፈነዳ፣ ላስቲኩ ቀልጦ ባትሪው ላይ ተንጠባጠበ። ገመዱ እኔ ያልላጥኩትን ራሱ ላጠው። ውስጡ ነጭ ነው። ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ከእስኪሪብቶ ቀፎ የማይወፍር፣ ነጭ የአሉሚኒየም ክር። የቀረው ሁሉ ላስቲክ።

ሹፌሩ አየው፣ እኔን አየኝ። "ውጡ፣ እንሂድ" አለ። መኪናዋን ለሻይ ቤቷ ሴትዮ አደራ ብለን ተሳፈርን።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ዝናቡ ወረደ። ሰውየው የቻለውን ያህል ነዳ፤ ሲሚንቶ ጭኖ ዳገት ላይ ምን ይሁን። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወንድሜ ደወለና ስልኩን ለአጎቴ ሰጠው። "ልጄ፣ ጉድጓዱ ውሃ እየያዘ ነው። አባትሽን ውሃ ውስጥ እናስተኛው?" አለኝ። ባሌ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ "ካህናቱ እንዳሉ" አለ። አክስቴ ጎኔ ሆና ጭኗን እየመታች ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም። ያቺን የቀለጠች ገመድ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ጭኔ ላይ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም፤ ግን አልጣልኳትም።

ከአስፋልቱ ወርደን በጭቃው እየተንሸራተትን ስንሮጥ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ ተገናኘን። አካፋና ዶማ የተሸከሙት ከፊት ነበሩ። እግራቸው እስከ ጉልበት ቀይ ጭቃ ነው። ሲያዩን ቆሙ። ወንድሜ መጥቶ አቀፈኝና፣ "አሁን ነው፣ እኮ አሁን ነው" አለኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ያቺ "አንዴ እንሞክራት" ያልናት ግማሽ ሰዓት። መቃብሩ ላይ ልውደቅ ብል ያዙኝ። የአባቴን ፊት አላየሁም፤ ሬሳው ሲወጣ አልተከተልኩም፤ ሌላው ሰው አልቅሶ ጨርሶ እጁን ሲታጠብ እኔ ገና ጩኸቴን ጀመርኩ።

ሰልስት አድርገን ጎንደር ስንመለስ ማኅበርተኞቹ ምግብ ይዘው ቤታችን ለቅሶ መጡ። ባለሱቁም አብሮ መጣ። አጎንብሶ፣ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሁሉም የሚጠይቀውን እሱም ጠየቀ፤ ክፋት የለውም፣ ወግ ነው። "ለመሆኑ ቀብር ደረሳችሁ?" አለ።

ባሌ ቶሎ ብሎ፣ "አይ፣ መኪና ተበላሽታብን" አለ።

"ውይ! ምን ሆና?"

ደሜ ፈላ። ተነሳሁ፣ ጓዳ ገባሁ፣ ገመዱን አምጥቼ እግሩ ሥር ጣልኩለት። "ይሄን ሆና!" አልኩት። "እየው! አንሳና እየው! ቢላ አለህ ወይ ስልህ ሳቅህ! አባቴን አፈር ሳላለብስ ያስቀረኸኝ አንተ ነህ!" እሱ ገመዱን አነሳ፣ አገላበጠው፣ ፊቱ ዓመድ መሰለ። "በማርያም፣ እኔ አላወቅሁም" አለ። "የሚያመጣልኝ ሰውዬ እንደ ወንድሜ ነው፣ ስንት ዘመን አብረን ሠርተናል። እንዴት ብዬ ዕቃውን እየቆረጥኩ አየዋለሁ?"

አመንኩት። ማመኔ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባን ሰድቦ መገላገል ይቻላል። ይሄ ግን እንደኔ ያፈረ ሰው ነው። እሱ ካመጣለት ሰው አፈረ፣ እኔ ከሱ አፈርኩ፣ ባሌ ከሁላችንም አፈረ፣ በመሐል አንድም ሰው ገመዱን አላየውም። ስንት ሰው ይሆን በየመንገዱ በዚህ ገመድ የቀረው?

ግን ጥፋተኛ የተባልኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ የመጣ ሰው ይሰደባል? በሐዘን ቤት ድምፅ ከፍ ይደረጋል? የማኅበሩ አባቶች በሳምንቱ ሁለታችንን ጠርተው አስቀመጡን። እሱ "አጥፍቻለሁ፣ ሳላውቅ ነው" አለ። እኔም ተነስቼ፣ በነጠላዬ አንገቴን ሸፍኜ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" እንድል ተደረግሁ። አልኩ። ጉልበቱን ሳምኩ። ተነስቼ ስወጣ ባሌ፣ "ጥሩ አደረግሽ" አለኝ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ብየዳ ቤት ለብየዳ ቤት ዞርኩ። የምፈልገው የብየዳ ገመድ ነው፤ ብየዳ ብዙ ከረንት ስለሚፈልግ ገመዱ እውነተኛ መዳብ ነው፣ ክሩም የረቀቀና ብዙ ስለሆነ ብርድ ላይ እንኳ ሳይደርቅ ይተጣጠፋል። አንዱ ብየዳ ቤት ትርፍ ገመድ አገኘሁ። ቢላዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። "ልላጠው ነው" አልኩት ለሰውየው፤ ልጠይቀው አይደለም፣ ልነግረው ነው። ላጥኩት፣ ክሩን በጥፍሬ ፋቅሁት፣ አሉሚኒየም ከሆነ ይቀልጣል ብዬ በክብሪት ለበለብኩት፣ አጠፍኩ ዘረጋሁት። ሰውየው እኮ አልተቀየመም! "ጎሽ፣ እንዲህ ነው" አለኝ። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር።

በኮሌጁ ወርክሾፕ ሁለት ቀን ሠራሁት። በእያንዳንዱ ጫፍ መቆንጠጫው የሚታሰርበትን የመዳብ ጆሮ በመጭመቂያ አጥብቄ፣ ውሃ እንዳይገባበት በቀለጠ እርሳስ ሞልቼ፣ አንገቱ ላይ በእሳት የሚኮማተር ላስቲክ አለበስኩት። መቆንጠጫዎቹን ማግኔት እያስጠጋሁ ነው የመረጥኳቸው፤ ማግኔት የያዘው ሁሉ ቆርቆሮ ነው፣ ወደ ጎን። ስፕሪንጋቸውን ደጋግሜ ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ በየገመዱ ጫፍ ላይ የጣት ስፋት ያህል ላስቲኩን ልጬ፣ ውስጡን በሚያሳይ ነጭ ላስቲክ ሸፈንኩት። መስኮት ነው። ማንም ሰው ቢላ ሳይጠይቅ፣ ሳያፍር፣ መዳቡን በዓይኑ እንዲያይ። ሠርቼ ስጨርስ እጄ ላይ አመዘንኩት። ከበደኝ። ያን ጊዜ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አርባውን ለማውጣት አገር ቤት ስንወጣ ማኅበርተኞቹ አብረውን መጡ፤ ባለሱቁም ታርቀናልና ከዋዜማው ጀምሮ በራሱ መኪና መጣ። ቅዳሴው አልቆ፣ ዝክሩ ተበልቶ፣ ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ ተብሎ መኪኖቹ ካደሩበት አስፋልት ዳር ስንደርስ የሱ መኪና አልነሳ አለች። ቸክ አለች። ያን ድምፅ በሩቁ አወቅሁት። ሌሊቱን የውስጥ መብራቷ በርቶ አድሯል። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

የአንዱ ማኅበርተኛ መኪና አጠገቧ ቀረበ፤ ገመዴን ይዤ ስጠጋ የኋላ ወንበሩ ላይ አንድ ካርቶን አየሁ። አዲስ ጃምፐር፣ ቀይና ጥቁር፣ በላስቲክ የታሸገ። እግረ መንገዱን ለደባርቅ ሱቆች ሊያከፋፍለው ነው። ወደ አባቴ አርባ! ይዞት የመጣው ወደ አባቴ አርባ ነው!

"ገመድማ አለህ አይደል?" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ካርቶን ሙሉ አለህ። ለምን ከዚያ አታወጣም?"

ቀላ። "ኧረ ተይኝ እቱ፣ ያው የተረፈችውን ልጨርስ ብዬ ነው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያንቺ ይሻላል።"

አንደኛው የማኅበሩ አባት ትከሻዬን ያዙኝና፣ "ልጄ፣ ዛሬ የአባትሽ አርባ ነው" አሉኝ። እሳቸው ዝም በይ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ቀኑን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ገመዱን ዘርግቼ መስኮቱን ዓይኑ ሥር አደረግሁለት። "መጀመሪያ እየው" አልኩት። "ኧረ ምኑን አየዋለሁ፣ አንቺን ላላምን ነው?" ብሎ ሳያይ ተቀብሎኝ ሰካው። አላየውም! እያሳየሁት፣ አሁንም አላየውም!

መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ሰዉ "እሰይ!" አለ። ባለሱቁ ከመሪው ወርዶ ገመዴን በአድናቆት አገላበጠውና፣ "ይሄማ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። መቼ ነው የሠራሽው?" አለኝ።

"አባቴን ከቀበርኩ በኋላ" ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን አልቀበርኩትም።